ለጋምቤላ ጓሮ በሶብላ ይቅደም ወይስ ኒም?

በመጋቢት ወር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በጋምቤላ ከተማ ሰው የት እንዳለ ለማወቅ የፈለገ፣ ጥላው የት እንዳለ ይፈልግ። የባጃጅ ሾፌሩ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ከኒም ሥር ነው። ቡና የምታፈላዋ ሴት ረከቦቷን የዘረጋችው ከኒም ሥር ነው። ጥላው በዞረ ቁጥር በርጩማውም አብሮ ይዞራል። በዚያው ሰዓት በቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ መቀመጥ እሳት ላይ ከተጣደ ምጣድ አጠገብ ከመቀመጥ አይለይም።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ግማሽ ዓመት ደግሞ በጋ ነው። በመሆኑም በጓሮ የሚተከል ማንኛውም ነገር የሚፈተነው ክረምት ላይ ሲተከል ሳይሆን በጋውን ሲሻገር ነው።

ክረምቱ ሲቃረብ በብዙ ቤት አንድ ክርክር ይነሳል። አባወራው ለጥላ የሚሆን ዛፍ ይተከል ይላል። እማወራዋ ደግሞ ያለችው ቁራጭ መሬት ለበሶብላ ትሁን ትላለች፤ ለበርበሬውና ለሽሮው በየጊዜው ከገበያ መግዛት ሰልችቷታልና። ጓሮው ጠባብ ነው፤ ውሃው ከሩቅ ይቀዳል። ሁለቱም የሚሉት ልክ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ተክሎች ከቤተሰቡ የሚጠይቁት ነገር ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ ከመትከል በፊት ቁጭ ብሎ ሂሳብ መሥራት ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሂሳቡን የተማረው ተሳስቶ ነው። በተከራየበት ግቢ ሐምሌ ላይ ሦስት የኒም ችግኞችን ተክሎ ነበር። እስከ ጥቅምት ድረስ ሦስቱም ለምለም ነበሩ፤ በደስታም ፎቶ ተነሱ። ታኅሣሥ ላይ አንዱን ፍየል በላው። ሌላው ጥር ላይ ደረቀ። የተረፈው ሦስተኛው ነው፤ እሱም የተረፈው በተካዩ ትጋት አይደለም። የግቢው ባለቤት እማማ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ የሚደፉት ከእሱ ሥር ስለነበረ ነው። እማማ ዛፉን ያጠጡ አልመሰላቸውም፤ እሳቸው ልባቸው ያለው በር ላይ ባለችው የበሶብላ መደብ ነው። ያለ እሳቸው የውሃ ባልዲ ግን ዛሬ በግቢው ጥላ አይኖርም ነበር።

በሶብላ፡ ቶሎ የሚደርስ፣ በየቀኑ የሚጠጣ

በሶብላ ሙቀት ይወዳል። ብርድን የማይችል ተክል በመሆኑ የጋምቤላ አየር ይስማማዋል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ጠልቆ አይዘራም፤ በለሰለሰ አፈር ላይ ተበትኖ ስስ አፈር ይለብሳል፤ በቀጭኑም ውሃ ይጠጣል። እርጥበት ካላጣ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ይበቅላል። ከአራት እስከ ስድስት ቅጠል ሲያወጣ በየ25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ወደ መደቡ ይዛወራል። ከዘር እስከ መጀመሪያው ቅጠል ለቀማ ሁለት ወር ገደማ ይበቃዋል።

አያያዙ እንደ አፈላለጉ ይለያያል። ለወጥ የሚሆን እርጥብ ቅጠል የምትፈልግ ቤት የአበባውን ጫፍ ቶሎ ቶሎ ትቀንጥበው፤ ተክሉ ወደ ጎን እየተንዠረገገ ቅጠል ያበዛል። ለበርበሬና ለሽሮ የሚደቆስ ከሆነ ግን ማበቡን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ለቅመም የሚፈለገው አበባው ከነቅጠሉ ነውና። የተቆረጠው በፀሐይ ሳይሆን አየር በሚያገኝ ጥላ ሥር መድረቅ አለበት። በቀትር ፀሐይ የደረቀ በሶብላ መልኩም ሽታውም ይጠፋል። ለከርሞ ዘር የሚሆኑ ጥቂት ጠንካራ ተክሎችን ሳይቆርጡ መተውም አይዘንጋ፤ በሶብላ በየዓመቱ እንደገና የሚዘራ ተክል ነው።

ችግሩ ውሃ ነው። ሥሩ አጭር በመሆኑ ከላይ ያለው አፈር ሲደርቅ አብሮ ይጠወልጋል። በበጋ ሁለት ቀን ሳይጠጣ ከዋለ አንገቱን ይደፋል።

ኒም፡ ሁለት በጋ የሚፈተን፣ ከዚያ ራሱን የሚችል

ኒም መነሻው የሕንድ ክፍለ አህጉር ነው። በቆላው ዓለም ሁሉ የተስፋፋው ሙቀትንና ድርቅን ስለሚችል ነው። በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ መሬት እንኳ ያድጋል። ሥሩ ጠልቆ ውሃ ስለሚፈልግ ሌሎች ዛፎች ቅጠላቸውን ሲያራግፉ ኒም በአብዛኛው ለምለም ሆኖ ይቆያል። ጥላ በጣም በሚፈለግበት ወር ጥላ ያለው መሆኑ ነው ትልቁ ጥቅሙ። ሲጎለምስ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊረዝም ይችላል፤ ፍሬ የሚጀምረው ከሦስት እስከ አምስት ባሉት ዓመታት ነው።

ዘሩን በራስ ማፍላት ይቻላል፤ ነገር ግን መቆየት አይወድም። ፍሬው ቢጫ ሲሆን ተለቅሞ፣ ሥጋው ታጥቦ ወጥቶ፣ በጥላ ሥር ጥቂት ከደረቀ በኋላ ወዲያው መዘራት አለበት። ለሳምንታት በከረጢት ታስሮ የተቀመጠ የኒም ዘር አብዛኛው አይበቅልም። ችግኙ በላስቲክ ውስጥ ሦስት ወር ያህል ከቆየ በኋላ ዝናቡ አፈሩን በደንብ ሲያርስ ይተከላል። ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር ያህል ቢጠልቅና ከላይ ያለው ለም አፈር ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ቢመለስበት ሥሩ ቶሎ ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአገራችን ብዙ ቦታ በልማድ “ኒም” እየተባለ የሚተከል ሌላ ዛፍ አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሜሊያ አዜዳራክ ነው። የኒም ዘመድ ቢሆንም አንድ አይደለም። አበባው ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ያደላል፤ የእውነተኛው ኒም አበባ ነጭ ነው። የኒም ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቅጠሎች ያሉት ሲሆን፣ የሜሊያው ዘንግ ግን እንደገና ወደ ትናንሽ ዘንጎች ይከፋፈላል። ሜሊያ በደረቅ ወቅት ቅጠሉን ያራግፋል፤ ፍሬውም መርዛማ ስለሆነ ሕፃናት ባሉበት ግቢ አይመከርም። ችግኝ የሚወስድ ሰው ይህን ለይቶ ይጠይቅ።

የውሃው ሂሳብ

አንድ ሜትር በአራት ሜትር የሆነች የበሶብላ መደብ እንውሰድ። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ከተተከለ ወደ 40 ተክል ትይዛለች፤ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን አምስት ሊትር ብናስብ መደቧ በቀን 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ትፈልጋለች። ስድስቱን የበጋ ወራት ለማልማት 180 ያህል ጀሪካን ማለት ነው።

አንድ የኒም ችግኝ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጀሪካን ቀስ ተብሎ ቢፈስለት ይበቃዋል። በስድስት ወር 26 ጀሪካን ይሆናል። በሁለተኛው በጋ የዚህ ግማሽ ይበቃዋል። ሥሩ ከወረደ በኋላ ብዙ ጊዜ ማጠጣት አያስፈልገውም።

ይህ ግርድፍ ስሌት ነው፤ እንደ አፈሩ ይለያያል። የሚያሳየው ግን ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በሶብላዋ የዛፉን ሰባት እጥፍ ያህል ውሃ ትጠጣለች። ውሃውን ደግሞ በአብዛኛው ቤት የምትቀዳው እናት ወይም ልጅ ናት። ስለዚህ በበጋ በሶብላ እናልማ ስንል የማን ጉልበት እንደሚወጣ አብረን እንወስን። ውሃ በግቢው ላለው ቤት ዓመቱን ሙሉ ማልማት ያዋጣል። ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳ ቤት ግን በሶብላን በክረምት አልምቶ፣ አድርቆና ደቁሶ ለበጋው ማስቀመጥ ይሻላል። በበጋ የተገኘው ትርፍ ውሃ ለችግኙ ይሁን።

የዕቃና የልብስ ማለቅለቂያ ውሃም ሥራ ላይ ይዋል። በረኪና የገባበት ወይም ብዙ ሳሙና ያለው ውሃ ግን ለሚበላ ተክል አይሆንም። ከችግኙ ሥር ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ እርጥበቱን ያቆያል፤ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ትንሽ ይራቅ። ዙሪያውን በእሾህ ማጠር ግዴታ ነው። ቅጠሉ መራራ ነው ተብሎ ፍየል ይተወዋል ማለት አይደለም፤ ይህን ከላይ ያነሳነው የታኅሣሥ ገጠመኝ ይመሰክራል።

ከጥላ በላይ፡ ለበቆሎ የሚተርፍ ፍሬ

በ2009 ዓ.ም. የካቲት ገደማ መጤ ተምች በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በጎረቤታችን በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ የበቆሎ አርሶ አደር ሁሉ የሚያውቀው ጠላት ሆኗል። በዚህ ረገድ ኒም ከበሶብላ የሚበልጥበት አንድ ጥቅም አለው። በፍሬው ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ትሉን ከመብላትና ከማደግ ያግደዋል።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። የደረቀው ፍሬ ተፈልፍሎ ውስጡ ያለው ዘር ይደቆሳል። ለአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ዱቄት ተጨምሮ ይዘፈዘፋል፤ በጀርባ ለሚታዘል ባለ 16 ሊትር መርጫ 800 ግራም ማለት ነው። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በጨርቅ ተጠልሎ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይገባበታል። ፀሐይ ኃይሉን ስለሚያዳክመው የሚረጨው ወደ ማታ ነው። ትሉ የሚደበቀው በበቆሎው የቅጠል እምብርት ውስጥ ስለሆነ ርጭቱ እዚያ መድረስ አለበት። ከሰባት እስከ አሥር ባሉት ቀናትም ይደገማል።

ትሉ ወዲያው ሞቶ አይወድቅም፤ ቀስ እያለ መብላት ያቆማል። ፍቱን የሚሆነውም ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ነው። ስለሆነም ማሳውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ዞሮ ማየት ከመድኃኒቱ ይቀድማል። ወረርሽኙ ከበረታ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። የተደቆሰበት ዕቃም ለምግብ መዋል የለበትም።

ስለ ወባ የሚነገረው

ሁለቱም ተክሎች የወባ ትንኝን ያባርራሉ ሲባል በሰፊው ይሰማል። እውነትነቱ በከፊል ነው። ቅጠላቸው ሲታሽ ወይም ሲጨስ የሚወጣው ሽታ ትንኝን ለጥቂት ጊዜ ሊያርቅ ይችላል። በግቢ ውስጥ በቅሎ መቆሙ ብቻ ግን ትንኝ ከመግባት አያግድም። በየበሩ በሶብላ ተክያለሁ ወይም ግቢዬ ኒም አለ ብሎ አጎበር መተው ራስንና ልጆችን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

የኒም ቅጠል ወይም ልጥ አፍልቶ መጠጣትም የወባ ሕክምና አይደለም። በተለይ የኒም ዘይት ለሕፃናት ሲሰጥ ማስመለስ፣ ማንቀጥቀጥና ከዚያም የከፋ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ ነፍሰ ጡሮችም ሊጠጡት አይገባም። ትኩሳት የተሰማው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ሄዶ ደሙን ይመርመር። በጓሮው በኩል ለወባ መከላከል የሚጠቅመው ከማንኛውም ተክል ይልቅ ውሃ የቋጠሩ ጉድጓዶችን መድፈን፣ የውሃ ማጠራቀሚያዎችንም መክደን ነው።

ቦታው ይወስናል

ክልላችን አንድ ዓይነት መሬት የለውም። ኒም ውሃ የማይቋጥር፣ አሸዋማነት ያለው አፈር ይወዳል። ሥሩ በተኛ ውሃ ውስጥ ከከረመ ይሞታል። በኢታንግና በኑዌር ዞን ባሮና ሌሎች ወንዞች ሞልተው ሜዳውን በሚያለብሱባቸው ቀበሌዎች ኒምን በየደጁ ማደል ችግኝ ማባከን ነው። በእነዚህ ቦታዎች ቤቱ የተሠራበት ከፍ ያለ ጉብታ ወይም በእጅ የተቆለለ አፈር ላይ ካልሆነ አይጸድቅም። በሶብላም ቢሆን በጎርፍ ወቅት ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ወይም በአሮጌ ሳፋ፣ ቀዳዳ ተበጅቶለት ቢተከል ይመረጣል።

በመዠንግር ዞን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከፍታው ይጨምራል፤ ዝናቡም ይበዛል፤ ቡና አለ። እዚያ ለጥላ የሚመረጠው ከቡናው ጋር ተስማምቶ የኖረው እንደ ዋንዛ ያለ አገር በቀል ዛፍ ነው። ኒም ምርጥ ቦታው ሞቃቱና ደረቅ የሚለው የክልሉ ክፍል፣ በተለይም የቆርቆሮ ቤቶች የበዙባት ጋምቤላ ከተማና መሰል የወረዳ ከተሞች ናቸው።

የመሬት ይዞታም ይታሰብ። በኪራይ ቤት ያለ ሰው በሁለት ወር የሚደርሰውን በሶብላ ቢያስቀድም አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ አንድ ዛፍ ቢተክል ከእሱ በኋላ የሚመጣው ተከራይ ያመሰግነዋል። በባሮ ዳር ባሉት የማንጎ ዛፎች ሥር የምናርፈው እኛም የተከልናቸው እኛ አይደለንም።

ሁለቱን በአንድ ጓሮ

ለጠባብ ግቢም ቢሆን መላ አለ። በጋምቤላ ቤትን የሚያነደው ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ የሚመጣው ፀሐይ ነው። ስለዚህ ኒሙ ከቤቱ በስተምዕራብ፣ ከግድግዳው ቢያንስ አምስት ወይም ስድስት ሜትር ርቆ ይተከል። ከዚያ ቢቀርብ ሥሩና ቅርንጫፉ ግድግዳና ጣሪያ ይነካሉ። ከላይ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከሥር የውሃ ቧንቧ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ አለመኖሩም ይታይ።

የበሶብላዋ መደብ በዛፉና በቤቱ መካከል፣ ወደ ቤቱ ተጠግታ ትሠራ። ዛፉ ሲያድግ ጥላው ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ስለሚወድቅ መደቧንም ቤቱንም አብሮ ይሸፍናል። ከዛፉ ግንድ ከሦስት እስከ አራት ሜትር ከራቀች የዛፉ ሥር ቶሎ አይሻማትም። ቅርንጫፉ በጣም ጥቅጥቅ ሲል ከታች ያሉትን እየመለመሉ ብርሃን ማስገባት ነው፤ በሶብላ ጨርሶ ጥላ ውስጥ ከዋለ ይከሳል፣ ሽታውም ይቀንሳል። ግቢው ለዚህ የማይበቃው ቤተሰብ ከጎረቤቱ ጋር ተመካክሮ ለሁለት ቤት የሚሆን አንድ ዛፍ በአጥሩ አካባቢ ይትከል፤ በሶብላውን ግን እያንዳንዱ በየበሩ ያልማ።

ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይወጣል። ዝናቡ አፈሩን ሲያርስ ሁለቱም ይተከሉ። በሶብላ በመስከረምና በጥቅምት ተሰብስቦ ይድረቅ። ከኅዳር ጀምሮ መደቧ ትጥበብ፤ ሳምንታዊዋ ጀሪካን ግን ለኒሙ አትቅር።

ለወረዳ አመራሮችና ባለሙያዎች

የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ መትከል የሕዝቡ ልማድ ሆኗል። በየወረዳው የሚቀርበው ሪፖርት ግን ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በተተከለው ላይ ነው። ከላይ እንደታየው ችግኝ በሐምሌ አይሞትም፤ የሚሞተው በጥርና በየካቲት ነው። በመሆኑም ቆጠራው መጋቢት ላይ ቢደገም የወረዳው እውነተኛ ሥራ የሚታየው ያኔ ነው። ከሦስት አንድ የጸደቀለት ቤተሰብም ሁለቱ ለምን እንደሞቱ ቢጠየቅ ለከርሞው ትምህርት ይሆናል።

የችግኝ ጣቢያዎችም የሚያፈሉት እንደ ቀበሌው አፈርና ውሃ ቢሆን፣ ኒሙን ከሜሊያው ለይተው ቢያድሉ፣ ከአንድ ዛፍ ጋር በእፍኝ የሚሆን የበሶብላ ዘር ቢሰጡ ወጪው ብዙ አይደለም። በሁለት ወር ውስጥ ከመደቧ የለቀመች እናት፣ አጠገቡ ያለውን ችግኝ ከበሶብላዋ ጋር ታጠጣዋለች። በእማማ ግቢ የተረፈው ኒም ዘንድሮ ቁመቱ ከሰው በልጧል፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ከበሶብላዋ መደብ ጫፍ መድረስ ጀምሯል።